እንግልት

እንግሊዝኛው «አኖይንግ» ለጎረቤት ሬዲዮም ለሚያሳክክ ሹራብም ይሆናል። «ፍራስትሬቲንግ» ግን ልንደርስበት ስንል የሚታገድብንን ነገር ይገልጻል። ሁለቱንም «አናዳጅ» ማለት ይቀናናል። ንዴት ከ«ነደደ» የመጣ ነው፤ ነድዶ ይበርዳል። ለሁለተኛው እኔ «አንገላች» እላለሁ፤ እንግልት ጊዜ ይፈጃል፣ ገንዘብ ይበላል፣ የሚያንገላታ አካልም አለው።

የካፋ ሕዝብ ይህን ቃል ኖሮታል። ጉዳዩ በዞን ያልተፈታለት የዴቻ ወረዳ ገበሬ ቦንጋን አልፎ ያኔ የክልሉ መቀመጫ እስከነበረችው ሐዋሳ መጓዝ ነበረበት። እዚያ ደርሶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» ሲባል የሚደርስበትን ንዴት ብቻ ብለን ልናልፈው አይገባም፤ የአልጋው ኪራይ፣ የመኪናው ሒሳብ፣ ያልተለቀመው ቡና ሁሉ አለበት። መስከረም 20 ቀን 2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ሆነ፤ ቦንጋም ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። መንገዱ በእጅጉ አጠረ። «ነገ ይመለሱ» የሚለው መልስ ግን በርቀት የመጣ አይደለምና አብሮ አያጥርም።

መሥሪያ ቤቶች እንግልትን «መጉላላት» ብለው በማስታወቂያቸው «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» ይላሉ። ይህን አነጋገር አልወደውም፤ መጉላላቱ ራሱን የፈጠረ ያስመስለዋል። «ስላጉላላናችሁ ይቅርታ» ብለው ይጻፉ።