ምንጣፉ ሲታጠብ እድፉ ወዴት ይሄዳል?

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ወደ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ከገባው ወገን ብዙው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካገኛቸው ሥራዎች አንዱ የሌሊት ጽዳት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያው ወገን ተከራይም ነው፤ ቤት ሲለቅ ከዲፖዚቱ ላይ «የምንጣፍ ማጠቢያ» እየተባለ ገንዘብ ሊቆረጥበት ይችላል። ስለዚህ የትኛው የአጠባ ዘዴ ምን እንደሚሠራ ማወቅ፣ ለአጣቢውም ሆነ ለከፋዩ የኪስና የጤና ጉዳይ ነው።

ምንጣፍ ማጠብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባናውም ምንጣፉም ከዚያው ይወጣል። አቧራው በዱላ ተመትቶ ይራገፋል፤ እድፉ ሲበረታ ወንዝ ተወርዶ በእግር ይረገጣል፤ በሚወርድ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሥራው በሦስት ይከፈላል፦ ደረቁን ማራገፍ፣ አጥቦ ማለቅለቅ፣ ቶሎ ማድረቅ። የዛሬው ባለሙያ በውድ ማሽን የሚሠራውም ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። ዘዴዎቹ የሚለያዩት አንዱ አንደኛውን ሲያጎላ ሌላው ሌላውን ስለሚያሳንስ ነው።

በደረቁ በኩል የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የታየው በ1876 ነው፤ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ ሜልቪል ቢሰል በእጅ የሚገፋ የምንጣፍ መጥረጊያውን በፓተንት አስመዘገበ። በ1901 እንግሊዛዊው ሁበርት ሴሲል ቡዝ አቧራውን መግፋት ትቶ የሚስብ ማሽን ሠራ። ማሽኑ በፈረስ የሚጎተት ሲሆን ቤት ውስጥ የሚገባው ረጅም ቱቦው ብቻ ነበር፤ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የ1902 ዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቢይ ምንጣፎች በእርሱ ጸድተዋል። ነገሩን ወደ ተራው ቤት ያመጣው ግን የጽዳት ሠራተኛ ነው። በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ ጄምስ ስፓንግለር የሚባል ሰው የሚጠርገው አቧራ ሳሉን ቢያብስበት፣ ከማራገቢያ ሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ አንድ መሣሪያ ገጣጠመ፤ በ1908ም ፓተንት አገኘበት። መብቱን ገዝቶ ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን የሁቨር ቤተሰብ ነው። ሠራተኛው ፈጠረ፣ ባለገንዘቡ ተጠራበት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምንጣፉ ራሱ ተለወጠ። በጆርጂያ ግዛት የዳልተን ከተማ ፋብሪካዎች በማሽን እየወጉ፣ ኋላም ከናይሎን፣ ርካሽ ምንጣፍ በብዛት ማምረት ጀመሩ። ጥንት ስጋጃው ተጠቅልሎ ወደ አጣቢው ይወሰድ ነበር፤ አዲሱ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተቸንክሮ የሚኖር በመሆኑ አጣቢው ውኃውን ይዞ ወደ ቤት መግባት ግድ ሆነበት። የዛሬዎቹ ዘዴዎች ሁሉ የመጡት ከዚህ ችግር ነው።

አንደኛው ሻምፑ ነው። የሚሽከረከር ብሩሽ አረፋውን እያሸ እድፉን ያስለቅቃል፤ ምንጣፉም ለጊዜው ያምራል። ጉድለቱ ማለቅለቅ ላይ ነው። ሳሙናው ወጥቶ ካላለቀ የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል፤ ቅሪቱም አዲስ አቧራ ይይዛል። ታጥቦ ሳይቆይ የሚያድፍ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሰዎች «ስቲም» የሚሉት ነው። በእርግጥ እንፋሎት አይደለም፤ ትኩስ ውኃ በኃይል ረጭቶ ወዲያው መልሶ መሳብ ነው። በቫን ላይ የተጫነው ትልቅ ማሽን ከሱፐርማርኬት ከሚከራየው ትንሽ ማሽን በሙቀትም በመሳብ ኃይልም ይበልጣል። ሦስቱንም ሥራ ለማሟላት የሚቀርበው ይህ ዘዴ ነው፤ አደጋው ደግሞ ውኃ ማብዛት ነው። የተነከረ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ያበቅላል። በሳን ሆዜ በበጋ ፀሐይ መስኮት ከፍቶ ማድረቅ ይቻላል፤ የኦክላንድ ጉም በገባበት ቀን ግን ማራገቢያ ያስፈልጋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጥቂት ውኃ የሚፈልገው ወገን ነው። አንዱ በእርጥብ ጨርቅ ላዩን ይፈትጋል፤ ፈጣን ቢሆንም ጥልቁን አይነካም። ሌላው የሚረጨው ሳሙና ሲደርቅ እድፉን ይዞ ደቃቅ ብናኝ ይሆንና በቫኪዩም ይወጣል። ሌላው ደግሞ ርጥበት ያለው ዱቄት በትኖ፣ አሽቶ መሳብ ነው። ለቢሮና ለሆቴል ይመቻሉ፤ ጠዋት ሰው ሲገባ ምንጣፉ ደርቆ ይጠብቃል። ዳሩ ግን ቫኪዩሙ ደካማ ከሆነ እድፉም ዱቄቱም እዚያው ይቀራሉ።

የሱፍ ስጋጃ ለብቻው ይታያል። ለናይሎን የተሠራ ጠንካራ ሳሙናና ከልክ ያለፈ ሙቀት ሱፉን ይጎዳል፣ ቀለሙን ያስለቅቃል። ስጋጃ ተጠቅልሎ ወደ አጣቢ ቤት ቢወሰድ፣ አቧራው ተራግፎ፣ በብዙ ውኃ ተለቅልቆ፣ ተዘርግቶ ቢደርቅ ይሻለዋል። ይኸውም የመንዝ ሰው የሚያውቀው መንገድ ነው።

ከቡና ሥነ ሥርዓትና ከመሶብ የሚመጣው እድፍም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የቀይ ወጥ እድፍ ዋናው ዘይት ስለሆነ ሳሙና ይፈልጋል። የአልጫው እርድ ማቅለሚያ በመሆኑ ሲታሽ ይስፋፋል፤ ፀሐይ ግን ያደበዝዘዋል። ከማጨሻ የወደቀ ፍም ናይሎኑን ያቀልጠዋል፤ ያንን የሚያስለቅቅ አጠባ የለም።

እስካሁን የታየው በምንጣፉ ላይ የሚቀረው ነው። የሚወጣውስ ውኃ? በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ስለነበሩ ከዚያ የተነሣው ምርምር ለበሽታው መከላከያ ፍንጭ ሰጠ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘላቸው። ግኝቱ በረከት ሆነ፤ ነገር ግን አንድ እውነትም አሳየ፦ የእጣቢ ውኃ ከአጣቢው ዓይን ሲሰወር ሥራው አያበቃም።

ኦክላንድ ላይ መንገድ ዳር ባለው የዝናብ ውኃ መውረጃ የተደፋ እጣቢ ሳይጣራ ወደ ሜሪት ሐይቅና ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። ሜሪት ሐይቅ ከ1870 ጀምሮ በሕግ የተከለለ የአዕዋፍ መጠጊያ ነው። ሳን ሆዜ ላይ ደግሞ ወደ ጓዳሉፔ ወንዝና ወደ ካዮቲ ክሪክ ይሄዳል። የ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1987 ሲሻሻል የዝናብ መውረጃዎችንም በቁጥጥር ሥር አስገብቷል። የምንጣፍ እጣቢ ክሩና ቆሻሻው ተጣርቶ ማጣሪያ ጣቢያ ወደሚደርሰው የቤት ፍሳሽ መስመር መግባት አለበት። በሌሊት በቫን እየዞረ የሚሠራ ወገን «ማን ያየኛል» ብሎ ጎዳና ላይ ቢደፋ፣ የሚደርስበት ቅጣት የራሱ ነው።

ሌላም አለ። ለእድፍ መከላከያ ተብለው በምንጣፍ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲቀቡ የኖሩት ፒፋስ የተባሉ ኬሚካሎች በተፈጥሮ ፈጽሞ የማይጠፉ ያህል ናቸው። ካሊፎርኒያ በ2021 ፒፋስ ያለባቸውን ምንጣፎች፣ በ2022 ደግሞ ለእነርሱ የሚረጨውን መከላከያ በልዩ ቁጥጥር ሥር አውሎ፣ አምራቾች አማራጭ እንዲፈልጉ አስገድዷል። አጣቢው «ተጨማሪ መከላከያ ልርጭ» ሲል ባለቤቱ ምን እንዳለበት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መርጨቱን የሚተነፍሰው ሠራተኛም እንዲሁ።

ተከራይ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ይህ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አከራይ ለጽዳት ሊቆርጥ የሚችለው ቤቱን ተከራዩ ሲገባ ወደነበረበት ንጽሕና ለመመለስ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ በተለመደ አኗኗር የሳሳ ምንጣፍ አያስቆርጥም። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያም ተከራይ የባለሙያ ምንጣፍ አጠባ ሒሳብ እንዲከፍል ማስገደድን፣ ቤቱን ወደነበረበት ለመመለስ በእርግጥ ካላስፈለገ በቀር ከልክሏል። ዲፖዚቱም ሆነ የተቆረጠው ዝርዝር ቤቱ በተለቀቀ በ21 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ሲገቡም ሲወጡም ምንጣፉን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ስለዚህ አጣቢ ከመቅጠር በፊት ዋጋውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ደረቁን አቧራ አስቀድሞ ያወጣል? ሳሙናውን ያለቀልቃል? ምንጣፉ በስንት ሰዓት ይደርቃል? እጣቢውን የት ይደፋል? ለአራቱም ቀጥተኛ መልስ ያለው ሰው ማሽኑ የቱም ቢሆን ሙያውን ያውቃል። መልስ የሌለው ግን እድፉን ከምንጣፉ ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር አያልፍም።