ከወታደራዊ አውሮፕላኖች የጥገና ጉድለት የተገኙ የደኅንነት ትምህርቶች

የአውሮፕላን ጥገና ማለት አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ በየጊዜው የሚከናወን ፍተሻ፣ እድሳትና የመለዋወጫ ቅያሪ ነው። የጥገና ጉድለት ከሌሎች የአደጋ መንስኤዎች የሚለየው ብዙውን ጊዜ ወዲያው የማይታይ በመሆኑ ነው። ጉዳቱ ከቀናት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ ሥራውን ያከናወነው ባለሙያ በሌለበት ሊደርስ ይችላል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የደረሱት የሚከተሉት ሁለት አደጋዎች ይህንኑ ያስረዳሉ።

በመመሪያ ያልሰፈረ ዕውቀት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2008 በጉዋም ደሴት ከሚገኘው የአንደርሰን አየር ኃይል ጣቢያ የተነሣ ቢ-2 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከመሬት እንደተነሣ ተከስክሷል። ሁለቱ አብራሪዎች በአደጋ ጊዜ መውጫ ወንበር ወጥተው በሕይወት ተርፈዋል። የወደመው አውሮፕላን ግምት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

በምርመራው እንደተረጋገጠው፣ የአየር ግፊት በሚለኩት ሴንሰሮች ውስጥ እርጥበት ገብቶ ሳለ የልኬት ማስተካከያ ተደርጓል። በዚህም የተነሣ የበረራ ኮምፒውተሮቹ የተሳሳተ መረጃ ተቀብለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከሚገባው በላይ ወደ ላይ አንሥተዋል። ሴንሰሮቹን አስቀድሞ በማሞቅ እርጥበቱን ማስወገድ እንደሚቻል ከ2006 ጀምሮ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዘዴው በጥገና መመሪያው ውስጥ ስላልተካተተ ለሁሉም አልደረሰም፤ በአደጋው ዕለትም ሥራ ላይ አልዋለም።

ሳይወገድ የታለፈ ዝገት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2017 የአሜሪካ ማሪን ኮር ንብረት የሆነ ኬሲ-130ቲ አውሮፕላን በሚሲሲፒ ግዛት ተከስክሶ ተሳፍረው የነበሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አልፏል። ለአደጋው መንስኤ የሆነው በበረራ ላይ የተገነጠለ የፕሮፔለር ምላጭ ነው። ምላጩ የአውሮፕላኑን አካል ሰንጥቆ በማለፉ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተበታትኗል።

ምላጩ በ2011 ለእድሳት ወደ ጥገና ማዕከል ገብቶ የነበረ ሲሆን፣ በላዩ የነበረው ዝገት ሳይወገድ ወደ አገልግሎት ተመልሷል። የጥራት ቁጥጥሩም ጉድለቱን አላገኘውም። ዝገቱ ከጊዜ በኋላ ስንጥቅ ፈጥሮ ምላጩን ለመገንጠል አብቅቶታል።

የተገኙ ትምህርቶች

1. በሥራ ላይ የተገኘ ጠቃሚ ዘዴ በቃል ብቻ መተላለፍ የለበትም፤ መመሪያውን ለሚያዘጋጀው አካል ቀርቦ በጽሑፍ ሊካተት ይገባል።
2. ለደኅንነት ወሳኝ የሆነ ሥራ ከሠራው ሰው ውጭ ብቃት ባለው ሌላ ባለሙያ መረጋገጥ አለበት።
3. የፍተሻ መዝገብ ላይ የሚፈረመው ሥራው በትክክል መጠናቀቁ በዓይን ከታየ በኋላ ነው።
4. የፈረቃ ርክክብ የተጠናቀቀውንና የቀረውን ሥራ ለይቶ በጽሑፍ ይከናወናል።
5. የሥራ መሣሪያዎች ከሥራ በፊትና በኋላ ይቆጠራሉ፤ የጎደለ ካለ ሳይገኝ አውሮፕላኑ ለበረራ አይለቀቅም።
6. ስሕተቱን በቅንነት ያሳወቀ ሠራተኛ የሚሸማቀቅበት አሠራር ሊኖር አይገባም፤ የተደበቀ ስሕተት አይታረምምና።

እነዚህ መርሆዎች ለተሽከርካሪ፣ ለአሳንሰርና ለሌሎች ማሽኖች ጥገናም ያገለግላሉ። ስለሆነም ማንኛውም የጥገና አገልግሎት ተጠቃሚ ምን እንደተፈተሸ፣ ምን እንደተቀየረና ሥራውን ማን እንዳረጋገጠ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቆ መቀበልና መያዝ ይጠቅመዋል።