የአእምሮ ሕክምና ክትትል በስልክ፦ ለደዶና ለጅማ ዙሪያ ታካሚዎች የሚያቀለውና የማይተካው

የርቀት ሕክምና ምክክር ማለት ታካሚና ባለሙያ በአንድ ክፍል ሳይገናኙ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያደርጉት የሕክምና ውይይት ነው። በአእምሮ ሕክምና ዘርፍ አሠራሩ ረጅም ዕድሜ አለው። በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ቴሌቪዥንን ለአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ማዋል ጀምረው ነበር። በብዙ አገሮች በስፋት የተለመደው ግን በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ነው። የአእምሮ ሕክምና ለዚህ አሠራር ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች ይልቅ የሚመቸው፣ ምርመራው በአብዛኛው በመጠየቅና በማዳመጥ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው።

የርቀቱ ዋጋ

የደዶ ወረዳ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። የወረዳው ከተማ ሼኪ ከጅማ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ይህ መንገድ ለከተማ ነዋሪ አጭር ሊመስል ይችላል። ከሼኪ ርቆ በገጠር ቀበሌ ለሚኖር አርሶ አደር ግን ጉዞው የሚጀምረው መኪና ከሚገኝበት ቦታ በፊት ነው። ታካሚው ብዙ ጊዜ ብቻውን ስለማይጓዝ የአስታማሚው የሥራ ቀንም አብሮ ይባክናል። ቀጠሮው ከቡና ለቀማ ወይም ከአጨዳ ጋር ሲገጣጠም ቤተሰቡ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀጠሮ ይታለፋል፣ መድኃኒት ይቋረጣል።

የመድኃኒት መቋረጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታል በድንገት ማቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። በስኪዞፍሬንያ ወይም በባይፖላር ሕመም የተያዘ ሰው ተሽሎት ሳለ መድኃኒቱን ካቆመ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል።

በአገራችን የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በደቡብ ምዕራቡ አካባቢ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተመላላሽና ተኝተው የሚታከሙ የአእምሮ ሕሙማንን ያስተናግዳል፤ ዩኒቨርሲቲውም በጀርመን ከሚገኘው የሙኒክ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። ሆኖም ባለሙያው በከተማ፣ ታካሚው በገጠር እስከሆኑ ድረስ በመካከላቸው ያለው መንገድ የሕክምናው አንድ አካል ሆኖ ይቀጥላል።

ስልክ የሚያቀለው

ሕመሙ ለተረጋጋ ታካሚ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል የሚደረግ የስልክ ጥሪ ትልቅ እፎይታ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ እንዴት እንደሆኑ፣ መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ መሆኑና የጎንዮሽ ጉዳት መኖር አለመኖሩ በጥቂት ደቂቃዎች ሊጠየቅ ይችላል። ጥሪው የመጓጓዣ ወጪን ይቆጥባል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተሰልፎ መታየትን የሚፈራ ሰውም ከሰው ዓይን ይድናል። መገለል ብዙዎችን ከሕክምና በሚያርቅበት አካባቢ ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም።

ስልክ የማይተካው

በድምፅ ብቻ የማይታዩ ምልክቶች አሉ። ሃሎፔሪዶል የመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚያስከትሉት የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር በዓይን መታየት አለበት። ሊቲየም የሚወስድ ታካሚ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በየጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ መርፌም በስልክ አይወጋም። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ጉዳዩን ሳትዘገይ ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ይገባታል፤ መድኃኒቱን ግን በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም። የጫት አጠቃቀምም እንዲሁ ነው፤ ታካሚው ካልተናገረ በስልክ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ምስጢር ነው። ስልኩ የባል ወይም የወንድም ከሆነ፣ ቤቱም አንድ ክፍል ከሆነ፣ ታካሚዋ በቤቷ የሚደርስባትን በደል ወይም የመሞት ሐሳቧን በነፃነት ለመናገር አትችልም። ታካሚ «ደህና ነኝ» ሲል ከአጠገቡ ማን እንዳለ ባለሙያው ማየት አይችልም። ስለዚህ «አሁን ብቻህን ነህ? መናገር ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ የጥሪው መጀመሪያ መሆን አለበት። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ለሆነ ታካሚ ደግሞ ውይይቱ በራሱ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ ላይ ሦስተኛ ሰው በአስተርጓሚነት ሲገባ ምስጢሩም የነገሩ ትርጉምም ይሳሳል።

በቅርብ ያለ ባለሙያና በሩቅ ያለ ሐኪም

በጉራጌ አካባቢ በሶዶና በአጎራባች ወረዳዎች የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሥልጠናና ድጋፍ ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስልክ የተሻለ ጥቅም የሚሰጠው ታካሚውን በቤቱ ብቻውን ሲያስቀር ሳይሆን፣ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ከከተማው ሐኪም ጋር ሲያገናኝ ነው። በጤና ጣቢያ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፣ መርፌ ይሰጣል፣ ታካሚውም በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይችላል።

ታካሚና ቤተሰብ ሊያውቁት የሚገባ

ከጥሪው በፊት የመድኃኒቱን ዕቃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ የቀረውን ፍሬ መቁጠርና የሚጠየቀውን አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል። ባትሪ መሙላትና ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥም አይዘነጋ። ጥሪው ሲያበቃ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሆነ መረጋገጥ አለበት።

ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ካሰበ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካለ፣ የሚጥል በሽታው ካልቆመለት ወይም ትኩሳትና የሰውነት መገተር አብረው ከታዩበት ግን የስልክ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ሳይውል ሳያድር በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።