ከአንድ በላይ ባትሪ ባለው የኤሌክትሪክ ዑደት የኮረንት መጠን የሚሰላበት ዘዴ

አንድ ባትሪ ብቻ ባለው ቀላል የኤሌክትሪክ ዑደት የሚያልፈው ኮረንት በኦም ሕግ መሠረት ቮልቴጁን ለጠቅላላው ተቃውሞ በማካፈል ይገኛል። ሁለትና ከዚያ በላይ ባትሪዎች በተለያዩ ቅርንጫፎች ሲገናኙ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ስለሚያሳድር ስሌቱ ተጨማሪ ሕጎችን ይጠይቃል።

ሕጎቹን ያፈለቀው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ኪርሆፍ ሲሆን፣ ይፋ ያደረጋቸውም እ.ኤ.አ. በ1845 በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው።

ሁለቱ ሕጎች

የመጀመሪያው ሕግ ወደ አንድ የሽቦ መገናኛ ነጥብ የሚገባው ኮረንት ከነጥቡ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆኑን ይደነግጋል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ በማናቸውም ዝግ ዑደት ውስጥ ባትሪዎች የሚሰጡት ቮልቴጅ በተቃውሞዎች ላይ ከሚወርደው ቮልቴጅ ድምር ጋር እኩል መሆኑን ያመለክታል።

የስሌት ምሳሌ

12.6 ቮልት ያለው አዲስ ባትሪና 12 ቮልት ያለው አሮጌ ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ተገናኝተው 2 ኦም ተቃውሞ ላለው የመብራት መስመር ኃይል ይሰጣሉ ቢባል፣ ለስሌት እንዲያመች የእያንዳንዱ ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞ 0.1 ኦም ተደርጎ ይወሰዳል። የአዲሱ ባትሪ ኮረንት «ሀ»፣ የአሮጌው «ለ»፣ የመብራቱ «መ» ቢሰየሙ የሚከተሉት እኩልታዎች ይገኛሉ፦

ሀ + ለ = መ
12.6 = 0.1ሀ + 2መ
12 = 0.1ለ + 2መ

የኋለኞቹ ሁለቱ ሲደመሩ 24.6 = 4.1መ ስለሚሆን መብራቱ 6 አምፔር ይወስዳል። ይህ ቁጥር በእኩልታዎቹ ውስጥ ሲተካ «ሀ» 6 አምፔር፣ «ለ» ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ይኸውም ጭነቱን በሙሉ የተሸከመው አዲሱ ባትሪ ብቻ መሆኑን ያሳያል።

መብራቱ ሲጠፋ «መ» ዜሮ ስለሚሆን «ሀ» 3 አምፔር፣ «ለ» ደግሞ −3 አምፔር ይሆናል። የኔጌቲቭ ምልክቱ ስህተትን ሳይሆን ኮረንቱ በመነሻው ከታሰበው በተቃራኒ አቅጣጫ መፍሰሱን ያመለክታል። በመሆኑም አንድም አምፖል ሳይበራ አዲሱ ባትሪ ወደ አሮጌው ኃይሉን ያፈስሳል።

ተግባራዊ ጠቀሜታው

ከዋናው የኃይል መስመር ርቀው የሚገኙ ጤና ኬላዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች ከፀሐይ የሚያገኙትን ኃይል በባትሪዎች ያጠራቅማሉ። በትይዩ ከተገናኙት ባትሪዎች መካከል የተዳከመውን አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት ወጪ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ አሮጌዎቹ የአዲሱን ኃይል እየሳቡ ዕድሜውን ሊያሳጥሩት ይችላሉ። የቮልቴጅ ልዩነቱ ሰፊ፣ ውስጣዊ ተቃውሞውም አነስተኛ ሲሆን የሚፈሰው ኮረንት ከፍ ስለሚል ሽቦዎችን እስከ ማጋል ሊደርስ ይችላል።

በዚህም ምክንያት በትይዩ የሚገናኙ ባትሪዎች ዓይነታቸው፣ የቮልቴጅ መጠናቸው፣ አቅማቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው ተመሳሳይ እንዲሆን፣ ከመገናኘታቸው በፊትም የእያንዳንዳቸው ቮልቴጅ በባለሙያ እንዲለካ ይመከራል።