አንቶኒ ኔስቲ

አንቶኒ ኔስቲ (የተወለደው ኅዳር 15 ቀን 1960 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1967) የቀድሞ የሱሪናም ዋናተኛ እና የውሃ ዋና አሰልጣኝ ነው። በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና አሸንፎ፣ በኦሎምፒክ ውሃ ዋና የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተዳደግ

ኔስቲ የተወለደው በትሪኒዳድ ሲሆን፣ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሱሪናም ተዛወረ። ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ በ1975 ከኔዘርላንድስ ነፃ የወጣች ትንሽ አገር ናት። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ የኦሎምፒክ መጠን ያለው (50 ሜትር) የመዋኛ ገንዳ አንድ ብቻ ነበር። ኔስቲ በ16 ዓመቱ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ተወዳድሮ 21ኛ ወጣ። ከዚያም የተሻለ ሥልጠና ለማግኘት ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ በፍሎሪዳ በሚገኘው የቦልስ ትምህርት ቤት በአሰልጣኝ ግሬግ ትሮይ ሥር ሠለጠነ።

የሴኡል ውድድር

በሴኡል ያሸንፋል ተብሎ የተጠበቀው በዚያው ኦሎምፒክ አምስት ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ማት ቢዮንዲ ነበር። ቢዮንዲ እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ድረስ መራ። ግድግዳው ጋ ሲቃረብ ግን አንዱን ቅዘፋ ጨርሶ ለሌላ ቅዘፋ የሚበቃ ርቀት ስላልነበረው እጁን ዘርግቶ ተንሸራተተ። ኔስቲ ሳያቋርጥ ቀዝፎ ቀድሞት ነካ። ኔስቲ የገባው በ53.00 ሰከንድ፣ ቢዮንዲ ደግሞ በ53.01 ነበር። በዚያ ፍጥነት የሰከንድ አንድ መቶኛ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ይህ የሱሪናም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበር። አገሪቱ ምስሉን በገንዘብ ኖትና በመታሰቢያ ሳንቲም ላይ አተመች፤ በዋና ከተማዋ ፓራማሪቦ የሚገኘው የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽም በስሙ ይጠራል።

ከሴኡል በኋላ

ኔስቲ በ1991 በፐርዝ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ወርቅ አገኘ። ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እየዋኘም ከ1990 እስከ 1992 በተከታታይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። እስከ 2024 ኦሎምፒክ ድረስ ሱሪናም ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች የእሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በ1998 በዓለም አቀፉ የውሃ ዋና የዝነኞች አዳራሽ ስሙ ተመዘገበ።

አሰልጣኝነት

ኔስቲ ውድድር ካቆመ በኋላ በተማረበት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት በረዳት አሰልጣኝነት ሠራ። በ2018 የቀድሞ አሰልጣኙን ትሮይን ተክቶ የወንዶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ በ2021 የሴቶቹም ቡድን ተጨመረለት። ካሠለጠናቸው መካከል ኬቲ ሌዴኪ እና ቦቢ ፊንክ ይገኙበታል።

በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የአሜሪካ የወንዶች የውሃ ዋና ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲመረጥ፣ ይህን ኃላፊነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነበር። በፓሪስ አሜሪካውያን ወንዶች በግል ውድድር ያገኙት ወርቅ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የኔስቲ ሠልጣኝ የሆነው ፊንክ በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ያመጣው ነው።