ወደ ፓሪስ የተሻገረችው ጥንዚዛ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የዛሬው ወጌ ስለ አንዲት ጥንዚዛ ነው።

ትንሹ አቃቂ በሚያልፍበት በመካኒሳ የጎመን ማሳ እርጥቡን አፈር ጫር ስታደርጉት የክንፍ ሽፋኗ ያጠረ፣ ሆዷ የተራቆተ፣ ሩጫዋ የማይያዝ ጥንዚዛ ብታገኙ አይግረማችሁ። ወገኗ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ከ60 ሺህ በላይ ዝርያ ተቆጥሮለታል። ከዚያ ሁሉ መሀል የአንዷ ታሪክ ከእኛው ሀገር ይነሳል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1840ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጎንደር ላይ ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ ያለው በመሳፍንቱ እጅ ነው። ሰሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይገዛሉ። ያኔ ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ የጦር መኮንኖች መጡ። ካርታ ነደፉ፣ ድንጋይና ዕፅዋት ለቀሙ፣ ነፍሳቱንም አልተዉም። ሲመለሱ ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በርዕሱም ትግሬን፣ ሰሜንንና አማራን በስም ጠሩ።

የጥንዚዛዎቹ ነገር ለሉዊ ሬሽ ተሰጠ። ሬሽ የፓሪስ ነጋዴ ነበር፤ ልቡ ግን ነፍሳት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 አካባቢ አንዷን ፔዴሩስ ኤክሲሚየስ ብሎ ሰየማት። ርዝመቷ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ራሷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካንማ ቀይ፤ አጭሩ የክንፍ ሽፋኗ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ። ሆዷም ቀይ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል።

ልብ በሉ፣ ዝርያን መግለጽ ከባድ አደራ ነው። ገላጩ የሚጽፈው ነፍሳቱን በዓይኑ ላላየ፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደ ሰው ነው። የቀንዱን አንጓ፣ የቆዳውን ነጥብ ሁሉ ይቆጥራል። ለስሙ መሠረት የሚሆነው ናሙና ተለይቶ ይቀመጣል፤ ጥርጣሬ የገባው ሁሉ ወደዚያ ተመልሶ ያመሳክራል። ዛሬማ በዚህ ወገን ውስጥ የሚመሳሰሉትን ለመለየት የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት የግድ ሆኗል። እኔን የሚቆጨኝ በሙሉ ስሟ መጨረሻ የሬሽ ስም ሲጠራ ሀገሯ አለመጠራቷ ነው። የሚቀጥሉትን የሀገራችንን ጥንዚዛዎች የራሳችን ልጆች፣ እዚሁ፣ ከነሰፈራቸው እንዲገልጿቸው አጥብቄ እመኛለሁ።

ታዲያ ይቺን ትንሽ ፍጥረት ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አትነክስም፣ አትናደፍም። ማታ መብራት ስቧት መጥታ አንገት ላይ ስታርፍ በእጅ ከተጨፈለቀች ግን ደሟ ውስጥ ያለው ፔዴሪን የሚባል መርዝ ቆዳ ያቃጥላል። ኬንያዎች የናይሮቢ ዝንብ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከኤል ኒኖው ዝናብ በኋላ፣ ሕዝቡን ክፉኛ አስለቅሳዋለች። መርዙን የሚሠራው ደግሞ ጥንዚዛዋ ራሷ ሳትሆን በውስጧ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 ዮርን ፒል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ገልጦታል።

ቃጠሎው ወዲያው አይሰማም። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቆዳው መስመር ሠርቶ ይቀላል፣ ውሃም ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ ግን ከቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ስለዚህ በቆዳችሁ ላይ ስትሄድ ካያችኋት አትምቷት። እፍ በሏት ወይም ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ጣሏት። ከጨፈለቃችኋት ዓይናችሁን ሳትነኩ ቦታውንም እጃችሁንም ወዲያው በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ቆስላችሁ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁም ማታ መብራት ሥር ምን እንደጨፈለቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቀለሟንም አትርሱ።