የሞተር ውሃና ፓምፑ፦ በቤት ደጃፍ የሚሠራ ጥገና ታሪክ

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ የሚያገኘው ኃይል ሁሉ ጎማ ድረስ አይደርስም፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በሞተሩ ግድግዳ በኩል ይባክናል፣ በግድግዳው በኩል የሚወጣውም ሙቀት በጊዜው ካልተወሰደ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፣ ቴስታታው ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት ይጣመማል። ይህን ሙቀት ከሞተሩ ወስዶ ለአየር የሚያስረክበው በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚመላለሰው ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን የሚያመላልሰው ደግሞ የውሃ ፓምፕ የተባለው ትንሽ ዕቃ ነው። የፓምፑ አሠራር ሲታይ ቀላል ነው፤ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ምላሶች ያሉት ተሽከርካሪ አለ፣ ዘንጉን ኩሽኔታ ይሸከመዋል፣ ሌላኛው ጫፉ ላይ ያለውን ፑሌጃ ቺንጋ ያዞረዋል። አስቸጋሪው ነገር ዘንጉ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ መሆኑ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ ውሃውን መከልከል፣ ዘንጉ ግን ያለ እክል እንዲሽከረከር መፍቀድ አለበት፣ ያውም በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር እየዞረ ለዓመታት። የዚህ ዕቃ ታሪክ በአመዛኙ የዚያች ማሸጊያ ታሪክ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ፓምፑን በገዛ ደጁ መለወጥ መቻሉ ወይም አለመቻሉም መሐንዲሶቹ ፓምፑን ባስቀመጡበት ቦታ የሚወሰን ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

ውሃን በተሽከርካሪ ምላስ የመግፋት ሐሳብ ከመኪና በጣም ይቀድማል። ፈረንሳዊው ደኒ ፓፔን እ.ኤ.አ. በ1689 ስለዚህ ዓይነት ፓምፕ ጽፎ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆን አፖልድ ደግሞ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ ምላሶቹ የታጠፉበትን ፓምፕ አቅርቦ፣ የታጠፈ ምላስ ከቀጥተኛው እጅግ የተሻለ ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ፓምፕ አላስፈለጋቸውም፣ ምክንያቱም ውሃቸውን አያመላልሱትም ነበር፤ ያፈሉታል እንጂ። ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ተኖ ሲጠፋ ስለነበር፣ ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በነሐሴ 1888 ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሁለት ልጆቿ ጋር በተጓዘችበት ጊዜ በየመንገዱ እየቆሙ ውሃ መሙላት ግድ ሆኖባቸዋል። የመኪና ጉዞ ታሪክ የሚጀምረው ውሃ ከመፈለግ ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ጥማት የቆረጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ ነው። በ1900 መጨረሻ ለነጋዴው ኤሚል የሊኔክ ለተሠራው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ፣ ማይባህ እያንዳንዳቸው 6 በ6 ሚሊ ሜትር የሆኑ 8,070 ትንንሽ ቱቦዎችን እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን በይዶ፣ አየር በቱቦዎቹ ውስጥ፣ ውሃ ደግሞ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት እንዲያልፍ አደረገ፤ ከኋላውም አየር የሚስብ ቬንቲላተር አቆመ። ቀድሞ 18 ሊትር ያህል ውሃ ይጠይቅ የነበረው ሥራ በዚህ ዘዴ በ9 ሊትር ተሠራ። ነገር ግን ውሃው በጠባብ መንገድ እንዲያልፍ ሲደረግ በራሱ ፈቃድ መፍሰሱን ያቆማል፣ የሚገፋው ይፈልጋል፤ ራዲያተሩ በተሻሻለ ቁጥር ፓምፑ የማይቀር እየሆነ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፓምፑ ለማምለጥ የተደረገው ሙከራ ግን ቀላል አልነበረም፣ እጅግም የተሳካ ነበር። በጥቅምት 1908 ለገበያ የቀረበው የፎርድ ሞዴል ቲ የመጀመሪያዎቹ 2,500 ያህል መኪኖች ፓምፕ ነበራቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋብሪካው ፓምፑን አውጥቶ ጣለውና ሥራውን ለሙቀት ራሱ ሰጠው። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት ይወጣል፣ እዚያ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታችም ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ይህ ቴርሞሳይፈን የተባለ ዝውውር ዘንግ የለውም፣ ኩሽኔታ የለውም፣ የሚያፈስ ማሸጊያም የለውም። እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ሲሠራ ብዙዎቹ ገዢዎች ጋራዥ የራቃቸው ገበሬዎች እንደነበሩ ሲታሰብ፣ የማይበላሽ ዕቃ ማለት የሌለ ዕቃ ነው የሚለው ውሳኔ ለእነርሱ የተደረገ ትልቅ ውለታ ነበር። ጉድለቱ ግን ዝውውሩ ዝግ ያለ መሆኑ ነው፤ ውሃው ትንሽ ከጎደለ የላይኛው ቱቦ አፍ አየር ያገኝና ዝውውሩ ይቋረጣል፣ በረጅም ዳገትም ራዲያተሩ ይፈላል። ስለዚህ በታኅሣሥ 1927 የቀረበው ሞዴል ኤ ፓምፑን መለሰው፤ ያውም ከቬንቲላተሩ ጋር በአንድ ዘንግ ላይ፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት፣ በቺንጋ የሚዞር አድርጎ። ለሚቀጥለው ግማሽ ምእተ ዓመት የዓለምን መኪና የሞላው አቀማመጥ ይኸው ነው።

የዚያ ዘመን ማሸጊያ በግራፋይት የተለወሰ ገመድ ሲሆን፣ በዘንጉ ዙሪያ ተጠምጥሞ በዳዶ ይጨመቃል። ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ባለቤቱ ቁልፍ ይዞ ዳዶውን ጥቂት ያጠብቃል፣ ኩሽኔታውን በቅባት ይሞላል፣ ገመዱ ሲያልቅ ሌላ ይጠመጥማል። ፓምፑ እንደ ዛሬው ተጥሎ የሚለወጥ ሳይሆን እንደ ጠመንጃ የሚጸዳና የሚታደስ ዕቃ ነበር፤ ጥገናውም ከመንዳት ያልተለየ የአሽከርካሪ ግዴታ ነበር። ከዚያ በኋላ ገመዱን የተካው በስፕሪንግ ግፊት ፊት ለፊት የሚፋተጉ ሁለት ልሙጥ ቀለበቶች ያሉት ማሸጊያ ነው፤ አንዱ ከካርቦን፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ከሴራሚክ ይሠራል። በመካከላቸው የሚገባው ስስ የውሃ ሽፋን ያለሰልሳቸዋል፣ ያቀዘቅዛቸዋል። ይህ ማሸጊያ ጥገና አይጠይቅም፣ ነገር ግን አይጠገንም፤ ደለል ወይም ዝገት ያለበት ውሃ ፊቱን ከቧጠጠው ያበቃለታል። ስለዚህም በፓምፑ አካል ላይ፣ በማሸጊያውና በኩሽኔታው መካከል፣ መሐንዲሶቹ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትተዋል፤ ማሸጊያው ሲደክም ውሃው ወደ ኩሽኔታው ከመድረሱ በፊት በእርሷ በኩል ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። ይህችን ቀዳዳ የፍሳሹ ምንጭ መስሏቸው በማጣበቂያ የሚደፍኑ ሰዎች የሚጎዱት ራሳቸውን ነው፣ ቀዳዳዋ ማስጠንቀቂያ እንጂ ብልሽት አይደለችምና።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና የገባው እ.ኤ.አ. በ1907 ማብቂያና በ1908 መግቢያ ላይ፣ ቤዴ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ ሲድሊ የተባለ መኪና ባመጣ ጊዜ ነው። ለሞተር ውሃ የኢትዮጵያ ደጋ ከቆላው በረሃ ያልተናነሰ ፈተና አለው፤ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ጣርማ በር ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የሳሳው አየርም ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ራዲያተሩን አጥብቆ የሚዘጋው ባለ ስፕሪንግ ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍላቱን ነጥብ ከፍ እስኪያደርግ ድረስ፣ በደጋው ዳገት ላይ ጭነት የያዘ መኪና ከፈላበት ቦታ ቆሞ መቀዝቀዝን መጠበቅ ነበረበት። ይህንኑ ዳገት የጣሊያን ወራሪም ወጥቶታል፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ የመጣው ከ1,700 በላይ በሆኑ ተሽከርካሪዎች ሲሆን፣ ጣርማ በርን የተሻገረው ኢትዮጵያውያን የቆራረጡትን መንገድ በእጅ እየጠገነ ነው።

ከእነዚያ ዓመታት በአገሪቱ የቀረው ቅርስ በመካኒኩ አንደበት ውስጥ ይገኛል። የሙያው ቃላት እንደ አፈር ንብርብር ሊነበቡ ይችላሉ፤ ከታች «ጋራዥ» እና «ሾፌር» የተባሉት የፈረንሳይኛ ቃላት አሉ፣ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰው የጅቡቲ ባቡር ዘመን መንፈስ ጋር ይስማማሉ። በእነርሱ ላይ ወፍራሙ የጣሊያንኛ ንብርብር ተነጥፏል፦ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ፑሌጃ፣ ቴስታታ፣ ካቻቪቴ፣ ጎሚስታ፣ እንዲሁም በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክለው ጓርኒሲዮን። ይህ ሁሉ በአምስቱ ዓመት ወረራና ከዚያ በኋላ በአገር በቀሩ ጣሊያናውያን ጋራዦች ውስጥ በእጅ ሥራ የተማረ ትውልድ ይዞት የመጣ ነው። «ፓምፕ»፣ «ሚኒባስ» እና «ስፔር ፓርት» ደግሞ ከላይ ያረፉ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ «ቺንጋውን አላላ፣ ፑሌጃውን ፍታ፣ ጓርኒሲዮኑን ፋቅ» ሲል የሁለት አገሮችን ታሪክ በአንድ ትእዛዝ ይናገራል፤ ይህ የቃል ቅርስ በመዝገበ ቃላት ሰብሳቢዎች ዘንድ የሚገባውን ክብር ሊያገኝ ይገባል።

ከፓምፕ ለማምለጥ ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ የጀርመኑ ቮልስዋገን ነው፤ ሞተሩ ውሃ ጨርሶ የለውም፣ በአየር ይቀዘቅዛል። በኢትዮጵያ «ቮልስ» ተብላ የተወደደችው ትንሽ መኪናና ከመጋቢት 1950 ጀምሮ መመረት የጀመረው የዕቃና የሰው መጫኛ ቫን ትራንስፖርተር ሁለቱም በዚህ ሞተር ሠርተዋል። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የቫኑ ባለቤት ስለ ራዲያተርና ስለ ፓምፕ ሊያስብ አላስፈለገውም ነበር። በ1982 ግን ፋብሪካው በሦስተኛው የቫን ትውልድ ላይ በውሃ የሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ገጠመ፤ ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ውሃው በረጅም ቧንቧ የመኪናውን ርዝመት እየተሻገረ ይመላለሳል። ከጥገና በኋላ በዚህ ቧንቧ ውስጥ የሚቀር አየር ዝውውሩን ስለሚገታ አየሩን ማስወጣት ከፓምፑ መለወጥ ያልተናነሰ ሥራ ሆነ።

በቤት የሚሠራ ጥገና የራሱን መጽሐፍ ያገኘው በ1960ዎቹ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ የነበረው ጆን ሄንስ በ1965 በኤደን ሳለ የአንድ ጓደኛውን ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ፈታትቶ ሲያድስ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶግራፍ መዝግቦ፣ በ1966 የመጀመሪያውን የጥገና መመሪያ አሳተመ፤ 3,000ው ቅጂ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ተሸጦ አለቀ። አንድ መኪና እስከ መጨረሻው ተፈትቶ፣ ተገጥሞ፣ ከዚያ ብቻ መጽሐፍ እንዲጻፍ ማድረጉ የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ መመሪያው ከፋብሪካው ሥዕል ሳይሆን ከቆሸሸ እጅ የመጣ ነበርና ተራው ባለቤት አመነው።

የኢትዮጵያን ከተሞች የሞላው ቫን ግን በ1967 በጃፓን የቀረበው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። በተለምዶ ዶልፊንና አባዱላ እየተባሉ የሚጠሩት ሚኒባሶች የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የእነዚህ ሃይኤሶች ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሚገኝ ወንበሩ ተነስቶ ከላይ ይደረስበታል፣ ለረጅም ዘመን በሠራው የናፍጣ ሞተር ላይም ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ለፊት በውጭ በኩል በብሎን ታስሯል፤ የሞዴል ኤ ውርስ ማለት ይኸው ነው። ሥራው የሚጀምረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ነው፣ ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት ውሃውን ፊት ላይ ይተፋልና። ውሃው ከታች ተቀድቶ ይወጣል፤ ቺንጋው ይላላል፤ ቬንቲላተሩና ፑሌጃው ይፈታሉ፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱ የመጣበት ቀዳዳ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ፓምፑ ከወጣ በኋላ የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሪት ብረቱን ሳይቧጥጥ ይፋቃል። አዲሱ ጓርኒሲዮን ተቀምጦ ብሎኖቹ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተዞረ እኩል ይጠብቃሉ። ቺንጋው ከልክ በላይ ከተወጠረ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋል፣ ከላላ ደግሞ ይንሸራተታል። በመጨረሻም ውሃው ከዝገት የሚከላከልና የመፍላቱን ነጥብ ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ ተጨምሮበት ይሞላል፤ የዚህ ፈሳሽ ዋና ክፍል ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ውሕድ ሲሆን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለመኪና በሰፊው ተሽጧል። በየቀኑ ከቧንቧ የሚቀዳ ውሃ ብቻ የሚጨመርበት ሚኒባስ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ የማሸጊያው ቀለበቶች የሚኖሩበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ አዲስ ፓምፕ መግዛት ለተመሳሳይ ሞት ሌላ ዕቃ ማዘጋጀት ይሆናል።

ፓምፑን ከውጭ በቀላሉ የመድረስን ምቹነት ያሳጣው ታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ ይኸውም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ከዋናው የሞተር ዘንግ ጋር አስማምቶ የሚያዞር ባለ ጥርስ ቺንጋ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ ሲመጣ ብዙ ፋብሪካዎች የውሃ ፓምፑን በእርሱ እንዲዞር አድርገው ከሽፋኑ ጀርባ ሸሸጉት። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፓምፕ መለወጥ ማለት የሞተሩን ጊዜ አቆጣጠር መፍታት ማለት ሆነ፤ አንድ ጥርስ ቢዛባ ፒስተንና ቫልቭ ሊጋጩ ይችላሉ። የፓምፑ ዋጋ ትንሽ ሆኖ የእጁ ዋጋ ብዙ ስለሆነም ጠንቃቃ መካኒክ ታይሚንግ ቺንጋ በለወጠ ቁጥር ፓምፑን አብሮ ይለውጣል።

በቅርቡ ደግሞ አሮጌው ችግር ከሥሩ ተነቅሏል። በ2009 የቀረበው ሦስተኛ ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ የሞተሩን ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ያመላልሳል፣ የሚያዞረው ቺንጋ የለውም። በብዙ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ውስጥ ምላሶቹን የሚያዞረው ማግኔት ራሱ ውሃው ውስጥ ሲሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጥቅል ሽቦ በመግነጢስ ኃይል ያሽከረክረዋል፤ ግድግዳ የሚበሳ ዘንግ ስለሌለም የሚደክም የዘንግ ማሸጊያ የለም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ወደ አገር እየገቡ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የሚያቀዘቅዛቸውን ፈሳሽ በእንዲህ ያለ ፓምፕ ያመላልሳሉ። ፓምፑ የሚፈታው እንደ ወትሮው በጥቂት ብሎኖች ነው፤ መበላሸቱን የሚናገረው ግን በቀዳዳዋ በኩል የሚያንጠባጥበው ውሃ ሳይሆን በመሣሪያ የሚነበብ ቁጥር ሆኗል።